በሰርቨር በር ላይ ስለሚደረግ ምርመራ

አንድ ሰው በእጅ ስልኩ የባንክ ሒሳቡን ሲመለከት፣ የአውሮፕላን ትኬት ሲቈርጥ፣ ወይም አንድ መጽሐፍ በቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ መኖር አለመኖሩን ሲጠይቅ፣ በስልኩ ገጽ ላይ የሚያየው ሥዕልና ጽሕፈት ከጠቅላላው ሥራ ጥቂቱ ብቻ ነው፤ የሚበዛው የሚፈጸመው ከዓይኑ በተሰወረ ስፍራ፣ ምናልባትም በሌላ አህጉር በተቀመጠ ሰርቨር ውስጥ ነው። ስልኩ ጥያቄውን በምን ቃልና በምን ቅርጽ እንደሚያቀርብ፣ ሰርቨሩም መልሱን በምን ቃልና በምን ቅርጽ እንደሚመልስ አስቀድሞ የተወሰነው ሥርዓት ኤፒአይ ይባላል፤ ይህን ሥርዓት የሚያቆመውና የሚጠብቀው ስውሩ ክፍል ደግሞ በሙያው ሰዎች አነጋገር ባክኤንድ ነው። ይህን ሙያ ለመማር የሚነሡ ብዙ ወጣቶች ከሚመርጧቸው መንገዶች አንዱ ታይፕስክሪፕት የተባለው ቋንቋና በእርሱ የተሠሩት ፍሬምወርኮች፣ ማለት ለፕሮግራም አጽም የሚሆኑ የተዘጋጁ የኮድ ስብስቦች በመሆናቸው፣ የዚህን ትምህርት ጠባይ፣ ይልቁንም ተማሪው በጥድፊያ ሳያስተውለው የሚያልፈውን አንድ ታላቅ ነገር፣ ለሙያው እንግዳ ለሆነ አንባቢ ጭምር ገልጦ ማቅረብ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የነገሩ መነሻ ጃቫስክሪፕት ነው። ብሬንዳን አይክ የተባለ አሜሪካዊ በ1995 (ሌላ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በኔትስኬፕ ኩባንያ ሲሠራ የቋንቋውን የመጀመሪያ መልክ በዐሥር ቀን ውስጥ አዘጋጀ፤ ሐሳቡም ለድረ ገጽ ጥቂት ሕይወት ለመስጠት እንጂ፣ አንድ ቀን የባንክና የሆስፒታል መዝገብ ይሸከማል ተብሎ አልነበረም። ይሁን እንጂ ራያን ዳል በ2009፣ ጉግል ለክሮም ብሮውዘር ያዘጋጀውን ቪ8 የተባለ ጃቫስክሪፕትን የሚያስኬድ ሞተር ከብሮውዘሩ አውጥቶ ኖድ ጄኤስን በሠራ ጊዜ ያው ቋንቋ ወደ ሰርቨር ገባ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ኤክስፕረስ የተባለው ቀላል ፍሬምወርክ ተከትሎ ወጣ። ቱርቦ ፓስካልንና ሲ ሻርፕን የነደፈው ዴንማርካዊው ሊቅ አንደርስ ሃይልስበርግ ከማይክሮሶፍት ባልደረቦቹ ጋር በ2012 ታይፕስክሪፕትን ለሕዝብ ሲያቀርብ ደግሞ፣ ነባሩን ቋንቋ ሳይሽር በላዩ ላይ የዓይነት ሕግ ጨመረለት።

ይህ ሕግ ለምን እንዳስፈለገ አንድ ምሳሌ ያስረዳል። ጃቫስክሪፕት ልል ቋንቋ ነው፤ ልልነቱም ለጀማሪ ቢመችም ሥራው በሚገዝፍበት ጊዜ ዕዳ ይሆናል። በቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ ውስጥ የአንድ መጽሐፍ ቅጂ ሦስት ሆኖ ሳለ ሁለት ቢጨመርበት ድምሩ አምስት መሆኑን ሕፃንም ያውቀዋል፤ ነገር ግን ያ ሦስት እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ጽሕፈት፣ ማለት ስትሪንግ በሚባለው ዓይነት ተይዞ እንደ ሆነ፣ ጃቫስክሪፕት ሦስትንና ሁለትን ጎን ለጎን ገጥሞ 32 ብሎ ይመልሳል። ስሕተት ተገኘ ብሎ አይጮኽም፣ ሥራውንም አያቋርጥም፤ መዝገቡ ማንም ሳያውቅ ይበላሻል። በታይፕስክሪፕት ግን የቅጂው ብዛት ቁጥር ነው ተብሎ ከተደነገገ፣ በዚያ ስፍራ ጽሕፈት ለማስገባት የሚሞክረው መስመር ገና ፕሮግራሙ ሥራ ሳይጀምር፣ ጸሐፊው በጠረጴዛው ላይ ሳለ በቀይ ተሰምሮ ይታየዋል።

እንግዲህ ተማሪው ይህን ኃይል ካየ በኋላ ልቡ ያርፋል፤ ሁሉ ነገር በዓይነት ሕግ የተጠበቀ ይመስለዋል። የትምህርቱ ዋና ፈተና ያለው በዚህ ዕረፍት ውስጥ ነው። የታይፕስክሪፕት ዓይነቶች ኮዱ በሚጻፍበትና በሚመረመርበት ጊዜ ብቻ አሉ እንጂ፣ ፕሮግራሙ በሰርቨር ላይ በሚሠራበት ጊዜ የሉም፤ ኮዱ ወደ ጃቫስክሪፕት በሚለወጥበት ሰዓት ሁሉም ተገፍፈው ይወድቃሉ። በ2025 መጀመሪያ የወጣው ኖድ 23.6 የታይፕስክሪፕትን ፋይል ያለ ልዩ ትእዛዝ ተቀብሎ ማስኬድ ሲጀምር እንኳ፣ የሚያደርገው ዓይነቶቹን መመርመር ሳይሆን ዓይነቶቹን አንሥቶ መጣል ነው። ስለዚህ ጸሐፊው «ከስልክ የሚመጣው መጽሐፍ ርእስ፣ ደራሲ፣ የታተመበት ዓመትና የቅጂ ብዛት አለው» ብሎ በኮዱ ውስጥ ቢደነግግ፣ ድንጋጌው የሚያስረው የራሱን ፕሮግራም ብቻ ነው፤ በሩቅ ያለውን ስልክ፣ በሌላ እጅ የተሠራውን መተግበሪያ፣ ወይም በክፋት የተዘጋጀውን ጥያቄ አያስረውም። ከውጭ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ጄሰን በሚባል የመረጃ መላላኪያ ቅርጽ የተጻፈ ጽሕፈት ነው፤ ያም ጽሕፈት ማንኛውንም ነገር ይዞ ሊመጣ ይችላል።

በቀድሞ ዘመን በመኳንንት ግቢ ግብር በሚገባበት ቀን አጋፋሪው በደጅ ቆሞ፣ የመጣው ሁሉ ማን እንደ ሆነ እየጠየቀ፣ የተፈቀደለትን እያስገባ፣ ያልተፈቀደለትን እየመለሰ፣ የገባውንም በየማዕረጉ ያስቀምጥ ነበር፤ በውስጥ ያለው አሳላፊም ስለ ደጁ ሳይጨነቅ የራሱን ሥራ ይሠራ ነበር። የባክኤንድ ፍሬምወርክ ዋናው ጥቅም፣ በእኔ አስተያየት፣ ኮድ ማሳጠሩ ሳይሆን እንዲህ ያለውን የደጅ አገልግሎት የራሱ ስፍራና የራሱ ተራ ሰጥቶ ማቆሙ ነው።

ይህንንም በግልጽ የሚያሳየው ኔስት ጄኤስ ነው። ኔስት በፖላንዳዊው ካሚል ሚሽሊቪየትስ ተሠርቶ በ2017 የወጣ ሲሆን፣ የአደረጃጀቱን ሐሳብ አንጉላር ከተባለው የገጽ መሥሪያ ፍሬምወርክ ወስዷል፤ ከውስጥም በተለመደው አኳኋን ኤክስፕረስን ይጠቀማል፤ ፋስቲፋይ የተባለውን ፈጣን ፍሬምወርክ የሚመርጥም መለወጥ ይችላል። በኔስት ሥርዓት ጥያቄን የሚቀበለው ክፍል ኮንትሮለር፣ እውነተኛውን ሥራ የሚሠራው ሰርቪስ፣ ተዛማጅ የሆኑትን አንድ ላይ የሚሰበስበው ሞጁል ይባላል፤ የእያንዳንዱም ኃላፊነት ከላዩ በሚጻፍ ዲኮሬተር የሚባል ምልክት ይታወቃል። ኮንትሮለሩ የሚያስፈልገውን ሰርቪስ ራሱ አይፈጥርም፤ እንደሚያስፈልገው ብቻ ያስታውቃል፣ ፍሬምወርኩም አዘጋጅቶ ያቀርብለታል። ይህ ልማድ ለጀማሪ መጀመሪያ ላይ ምሥጢር መስሎ ቢያስቸግረውም፣ ፕሮግራሙን በሚፈትንበት ጊዜ እውነተኛውን ዳታቤዝ ሳይነካ በስፍራው ሌላ መተካት እንዲችል ስለሚያደርገው ድካሙን ይክሰዋል።

አንድ ጥያቄ ከደጅ እስከ መዝገብ የሚያልፍበትን መንገድ እንከተል። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሊመዘግብ ፈልጎ በስልኩ ላይ ቅጹን ሞልቶ ይልካል፤ ስልኩም በድር ላይ መልእክት በሚተላለፍበት በኤችቲቲፒ ሥርዓት፣ አዲስ ነገር ለመፍጠር በሚያገለግለው ፖስት በሚባለው ትእዛዝ፣ መጻሕፍት ወደ ተባለው አድራሻ ጄሰኑን ያደርሳል። በመጀመሪያ ጋርድ የሚባለው ክፍል ላኪው ማን እንደ ሆነና መጽሐፍ ለመመዝገብ ሥልጣን እንዳለው ይመረምራል፤ ማንነቱ ያልታወቀውን በ401፣ ማንነቱ ታውቆ ሥልጣን የሌለውን በ403 ቁጥር ይመልሳል። ቀጥሎ ፓይፕ የሚባለው የመልእክቱን ይዘት ይመረምራል፤ ርእሱ ባዶ፣ የቅጂው ብዛትም በጽሕፈት ተይዞ ወይም ከዜሮ ያነሰ እንደ ሆነ፣ ጉድለቱን አንድ በአንድ ዘርዝሮ በ400 ይመልሳል። ሁለቱን ያለፈው ጥያቄ ብቻ ወደ ኮንትሮለሩ፣ ከዚያም ወደ ሰርቪሱና ወደ ዳታቤዙ ይደርሳል፤ መጽሐፉም ሲመዘገብ 201 የሚል መልስ ይሄዳል። ቁጥሮቹ እንዲሁ ለጌጥ የተቀመጡ አይደሉም፤ የስልኩ ፕሮግራም ለተጠቃሚው «እባክዎ ይግቡ» ይበል ወይስ «ርእሱን ያሟሉ» የሚለውን የሚወስነው በእነርሱ ነው፤ ስለዚህ ለሁሉም ነገር 200 እየመለሰ ስሕተቱን በመልእክቱ ውስጥ የሚደብቅ ኤፒአይ አብረውት ለሚሠሩት ሁሉ መከራ ነው።

በዚህ ምርመራ ውስጥ ጀማሪውን የሚያሰናክል አንድ ረቂቅ ነገር አለ። የመልእክት ቅርጽ በታይፕስክሪፕት በሁለት መንገድ ሊገለጥ ይችላል፤ በኢንተርፌስ ወይም በክላስ። ኢንተርፌስ ከላይ እንደ ተናገርነው ኮዱ በሚለወጥበት ጊዜ ተገፍፎ ይጠፋል፤ ክላስ ግን በጃቫስክሪፕትም ውስጥ ያለ ነገር በመሆኑ ፕሮግራሙ በሚሠራበት ጊዜም ይኖራል፤ የምርመራ ደንቦቹም በዲኮሬተር ተጽፈው በላዩ ይቀራሉ። ተማሪው በኢንተርፌስ ጽፎ ምርመራውን ያዘጋጀ ሲመስለው፣ በሩ ላይ የሚቆም ማንም የለም፤ ፕሮግራሙም ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ሁሉን ያስገባል። እንዲሁም በክላሱ ያልተጠቀሰ ተጨማሪ ነገር በመልእክቱ ውስጥ ቢገኝ እንዲጣል ዋይትሊስት የሚባለውን ደንብ ማብራት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ራሱን የሚመዘግብ ተራ አንባቢ ከስሙ ጎን «ሚና፦ አስተዳዳሪ» የሚል ቃል ጨምሮ ቢልክ፣ ሰርቪሱም የመጣለትን ሁሉ ሳይለይ ወደ ዳታቤዝ የሚያስገባ እንደ ሆነ፣ ሰውዬው በአንድ ቃል የቤቱ አዛዥ ሆኖ ያድራል።

ምርመራው ሁሉ ከተደረገም በኋላ ዓይነት የማይደርስበት የትርጉም ጥያቄ ይቀራል፤ ይህም በኢትዮጵያውያን ለሚሠራ ኤፒአይ እጅግ የሚቀርብ ነው። ከላይ የጠቀስነው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ግን ዓመቱ 1966 ይሆናል። ሁለቱም ቁጥሮች ናቸው፤ ሁለቱም በምርመራው ያልፋሉ፤ አንዱ መዝጋቢ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው አቈጣጠር ቢሞላ ዝርዝሩ በዓመት ተራ በሚቀመጥበት ጊዜ ይደባለቃል። ስለዚህ የኤፒአዩ ሥርዓት የዓመቱን ቁጥርነት ብቻ ሳይሆን የአቈጣጠሩን ስም መናገር አለበት። የውሰት መመለሻ ጊዜም እንዲሁ ነው፤ «በሦስት ሰዓት» የተባለው በኛ አቈጣጠር የማለዳ ሦስት ሰዓት፣ በሌላው ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ሁልጊዜ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በሦስት ሰዓት የሚቀድመው የአዲስ አበባ ሰዓትም፣ እንደ ወቅቱ ከሚለዋወጠው ከዋሽንግተን ሰዓት አንድ ጊዜ በሰባት፣ አንድ ጊዜ በስምንት ሰዓት ይለያል። በዳታቤዙ ውስጥ ጊዜውን በዓለም አቀፉ ሰዓት ማስቀመጥ፣ ለሰው ዓይን በሚቀርብበት ጊዜ ብቻ ወደ ኢትዮጵያ ቀን መለወጥ የተመሰከረለት ልማድ ነው፤ ለዚህም ኢንትል የሚባለው የጃቫስክሪፕት ክፍል የኢትዮጵያን የቀን መቁጠሪያ ያውቃል።

ስለ ፊደላችንም ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል በ1999 በወጣው በሦስተኛው እትሙ ከተቀበለ ወዲህ ሰርቨሩ ፊደላችንን ያለ ችግር ያነባል፤ ነገር ግን ሀንና ሐን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን ፍጹም ልዩ ልዩ ምልክቶች አድርጎ ስለሚቈጥራቸው፣ «ፀሐይ» ተብሎ የተመዘገበውን መጽሐፍ «ጸሀይ» ብሎ የፈለገው አንባቢ «አልተገኘም» የሚል መልስ ይደርሰዋል። አንዳንዶች ይህን ለማቃለል የሚገባውን ጽሕፈት ሁሉ ወደ አንድ ፊደል እየለወጡ ይመዘግባሉ፤ ይህን ግን እኔ አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ደራሲው ለመጽሐፉ የመረጠውን አጻጻፍ የመለወጥ ሥልጣን ለፕሮግራም ጸሐፊ የሰጠው የለም። ትክክለኛው መንገድ ርእሱን እንደ ተጻፈ ጠብቆ፣ በአጠገቡ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል፣ ሞክሼ ፊደላቱ የተዋሐዱበት ሌላ ዓምድ ማኖር ነው፤ ፈላጊው የጻፈውንም ቃል በዚያው ደንብ አዋሕዶ ከዚህ ዓምድ ጋር ማነጻጸር ይበቃል። ሥራው ጥቂት መስመር ነው፤ አንባቢው ግን የሚፈልገውን ያገኛል።

ከሁሉ የሚከብደውን ደግሞ የምናገኘው በውሰት ላይ ነው። ኖድ የጃቫስክሪፕቱን ኮድ በተለመደው አኳኋን የሚያስኬደው በአንድ ክር፣ ማለት በአንድ የሥራ መስመር ብቻ ነው፤ ነገር ግን የዳታቤዙን መልስ በሚጠብቅበት ጊዜ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ሌላውን ጥያቄ እያስተናገደ ይቈያል፤ ብዙ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ማገልገል የሚችለውም በዚህ ነው። እንግዲህ የአንድ መጽሐፍ የመጨረሻ ቅጂ ብቻ ቀርቶ ሳለ አንዱ ከጎንደር፣ ሌላው ከሐዋሳ በአንድ ቅጽበት ቢጠይቁ፣ ሰርቪሱ ለመጀመሪያው «ስንት ቀረ?» ብሎ ዳታቤዙን ይጠይቃል፤ መልሱን ሲጠብቅ ለሁለተኛውም እንዲሁ ይጠይቃል፤ ለሁለቱም «አንድ» የሚል መልስ ይመጣል፤ ለሁለቱም ተፈቅዶ ሁለቱም «ተሰጥቶዎታል» ይባላሉ። ኮዱን አንድ በአንድ ለሚያነበው ሰው ስሕተት የለበትም፤ የታይፕስክሪፕት መርማሪም የሚቃወመው መስመር የለም፤ ብቻውን በሚፈትነው ተማሪ ጠረጴዛ ላይም ችግሩ አንድም ቀን አይታይም፤ የሚታየው ሕዝብ በበዛበት ቀን ነው። መድኃኒቱ መጠየቁንና መቀነሱን ለሁለት አለመክፈል ነው፤ ለዳታቤዙ «የቅጂው ብዛት ከዜሮ የሚበልጥ እንደ ሆነ አንድ ቀንስ» የሚል አንድ ያልተከፈለ ትእዛዝ ይሰጠዋል፤ ከዚያም ስንት መስመር እንደ ተለወጠ ይታያል፤ አንድም ካልተለወጠ ቅጂው አልቋልና ለሁለተኛው ጠያቂ 409 ተብሎ በክብር ይነገረዋል። የውሰቱ ምዝገባም ከቅነሳው ጋር በአንድ ትራንዛክሽን፣ ማለት ወይ ሁሉም በሚፈጸምበት ወይ አንዱም በማይፈጸምበት ሥራ ውስጥ መሆን ይገባዋል፤ አለዚያ መብራት በመካከል ቢጠፋ ቅጂው ተቀንሶ ተዋሹ ያልታወቀ መጽሐፍ ይቀራል።

ስለ መታወቂያ ነገር በአጭሩ ላውሳ። ብዙ ትምህርቶች ጄደብሊውቲ የሚባለውን ማረጋገጫ ያስተምራሉ፤ ይህ በሁለት ነጠላ ነጥቦች የተለያዩ ሦስት ክፍሎች ያሉት ጽሕፈት ሲሆን፣ ሰርቨሩ ፊርማውን በማየት ማንም እንዳልለወጠው ያውቃል። ፊርማው ግን ከመለወጥ እንጂ ከመነበብ አያድንም፤ መካከለኛውን ክፍል ማንም ሰው በቀላሉ ፈትቶ ያነበዋል፤ ስለዚህ ምሥጢር የሆነ ነገር በውስጡ አይጻፍም። የይለፍ ቃልም በዳታቤዝ ውስጥ እንዳለ መቀመጥ የለበትም፤ አርጎን2ን ወይም ቢክሪፕትን በመሰለ፣ ወደ ኋላ በማይመለስ ስሌት ተለውጦ ብቻ ነው መቀመጥ ያለበት።

ተማሪው ከየት ይጀምር የሚለውን በተመለከተ፣ ኔስት ለጀማሪ ይከብዳል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አባባላቸው ከንቱ አይደለም። ስለዚህ እኔ የምመክረው፣ ተማሪው አስቀድሞ ያለ አንዳች ፍሬምወርክ፣ ከኖድ ጋር አብሮ በሚመጣው የኤችቲቲፒ ክፍል ብቻ አንዲት ትንሽ ሰርቨር እንዲጽፍ ነው፤ አድራሻውን ራሱ ይለይ፣ ጄሰኑን ራሱ ይፍታ፣ የመልሱን ቁጥር ራሱ ይወስን። ይህን ካደረገ በኋላ ኔስትን ሲከፍት እያንዳንዱ ክፍል የትኛውን የራሱን ድካም እንደሚተካ ያውቃል፤ ዲኮሬተሩም አስማት መሆኑ ይቀርለታል። ስትሪክት የሚባለውን ጥብቅ ደንብም ከመጀመሪያው ቀን ያብራ፤ ኤኒ የሚባለውን፣ ማንኛውንም ነገር የሚፈቅደውን ዓይነት መሸሸጊያ አያድርገው፤ በኤኒ የተሞላ ታይፕስክሪፕት ስሙን የለወጠ ጃቫስክሪፕት ነውና። ዛሬ ኮድ ጽፎ የሚሰጥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በየእጁ ስላለ፣ ተማሪው ራሱ ያልጻፈውን ምርመራ ተቀብሎ ሲያስገባ፣ የትኛው በር እንደ ተዘጋና የትኛው እንደ ተከፈተ በዓይኑ አይቶ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ማረጋገጫውም በቃል ሳይሆን በፈተና ነው። ቅን ተጠቃሚ የሚልከውን ትክክለኛ ጥያቄ መፈተን ቀላል ነው፤ ሁሉም ተማሪ ያደርገዋል። የሚጠቅመው ግን ጠማማውን ጥያቄ ጽፎ በኮድ ፈተና ውስጥ ለዘወትር ማኖር ነው፦ ርእስ የሌለው መጽሐፍ፤ የቅጂ ብዛቱ በጽሕፈት ወይም ከዜሮ በታች የተላከ፤ በስሙ ላይ «አስተዳዳሪ» የሚል ሚና የጨመረ አንባቢ፤ ለአንዲት ቅጂ በአንድ ቅጽበት የተላኩ ሃያ የውሰት ጥያቄዎች፤ እንዲሁም የመመለሻ ቀኑ በ2016 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ተብሎ የተሞላ ቅጽ። ጳጉሜን ስድስት ቀን የሚኖራት በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ብቻ ነው፤ 2016 ደግሞ ዘመነ ዮሐንስ ነበር፤ ስለዚህ ይህን ቅጽ የተቀበለ ሰርቨር የሌለ ቀን መዝግቧል፤ የሚገባው መልስ 400 ነው።